በደቂቃ አርባ ጠብታ

መፍቻው ጠብታ አይወድም። ሰው «ደስ አይለኝም» ብሎ እንደሚያልፈው ዓይነት አለመውደድ አይደለም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲያጠብቅ፣ ጎማ ሲቀይርና ቱቦ ሲያስር ስለኖረ ጠብታ ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል። ሠርግ ተጠርቶ እጁን ሊታጠብ ሲገባ የደጋሹን ቧንቧ አጥብቆ ነው የሚወጣው። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ ተቀምጦ ከመታጠቢያ ቤቱ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማ፣ ወረፋው ቢያልፈውም ተነሥቶ መሄዱ አይቀርም። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ኪሱ ያለ መፍቻ ታይቶ አያውቅማ። ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሥራውን ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስሙ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ይኸው ሰውዬ ነው እንግዲህ በገዛ ወጥ ቤቱ፣ በገዛ እጁ፣ ለሰዓታት የሚንጠባጠብ ነገር ሊሠራ የተነሣው። ጎረቤት ቢሰማ «ሰውዬው ጃጀ» ባለ ነበር።

ምክንያቱ ሚስቱ ናት። ሚስቱ መምህርት ነበረች፤ ያውም የአንደኛ ክፍል። ስልሳ ሕፃን አንድ ላይ ሲንጫጫ አንዴ «ዝም» ካለች የጎረቤት ክፍልም ጭምር ዝም ይላል ይባልላት ነበር። ከአምስት ወር በፊት ጉሮሮዋ ውስጥ ያበጠ ነገር ተገኘና በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ክፉ ነገር አልነበረም፤ ተመስገን ተብሎ ወደ ቤት ተመለሰች። ድምፅዋ ግን ሐኪም ቤት የቀረ ይመስል ቀጥኖ፣ ሻክሮ፣ ጠጋ ካላሉ የማይሰማ ሆነ። ሐኪሙም ሲሸኛት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ትኩስ ነገር በጉሮሮዋ እንዳይወርድ አስጠነቀቃት። ለብ ያለም ቢሆን ይቅርብሽ አላት።

በዚያ ቤት ደግሞ ትኩስ ነገር ማለት ቡና ነው። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ በዕረፍት ቀን፣ ሁለቱም ቤት መዋል ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ በየቀኑ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በወጥ ቤታቸው ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለት ሁለት ስኒ ይጠጣሉ። ጨዋታው እዚያ ነው፤ ሐሜቱም እዚያ ነው። ልጃቸውን ለማን እንደዳሯት፣ የቤቱን ጣሪያ በምን ቆርቆሮ እንደከደኑት፣ የተከራከሩበት ሁሉ የተጀመረውም ያለቀውም እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። የተኮራረፉ ጊዜ እንኳ አራት ሰዓት ሲሆን ተኮራርፈው ይጠጣሉ እንጂ ሰዓቷ አትታለፍም።

ከሕክምናው በኋላ መፍቻው አሰበ። እሷ እያየችው እሱ ፉት ሊል አልሆንልህ አለው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቡና ማፍላቱን ተወና፣ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ኮፍያውን አንሥቶ «እስቲ እግሬን ላፍታታ» እያለ መውጣት ጀመረ። የሚሄደው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነው። የሱቁ ባለቤት የድሮ የሥራ ጓደኛው ነው፤ እዚያ በቱቦ ክምር ላይ ተቀምጦ ይጠጣና ይመለሳል። ሚስቱም «እሺ» ትለዋለች። ለምን እንደሚወጣ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። አምስት ወር በዚህ ሁኔታ አለፈ።

ደስታ ግን አልሰጠውም። ሱቁ ውስጥ ሦስት ስኒ ጠጥቶ ሲመለስ እንኳ ቡና የጠጣ አይመስለውም። ሚስቱ ናፈቀችው። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ አልጋ ላይ ያለች ሚስቱ ትናፍቀዋለች ብሎ ለሰው ቢናገር ስለሚሳቅበት ለማንም አልተናገረም፤ ነገሩ ግን እንዲያ ነበር። ያቺን ሰዓት ካልመለሳት ትዳሩ ቀስ በቀስ ውሃ የጠጣ ግድግዳ እንደሚሆንበት ተሰማው።

መጀመሪያ ከሱቁ ያመጣውን ቡና አቀዝቅዞ በበረዶ ሰጣት። ፉት አለችና «ጥሩ ነው» አለችው፤ ፈተና ለወደቀ ተማሪ «በርታ» በምትልበት ድምፅ። የተረፈውን አበባው ላይ ስትደፋው በመስኮት አያት። አበባውም አልወደደውም መሰለኝ፣ በሳምንቱ ጠወለገ።

መላውን ያመጣችው ሌላ ከተማ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ናት። አንድ ቀን ስልክ ደውላ አባትየውን ስታወራ «አባዬ፣ ቡና እኮ በቀዝቃዛ ውሃም ይወጣል» አለችው።

«በቀዝቃዛ ውሃ የሚወጣው ቆሻሻ ነው» አላት።

«ስማኝ እንጂ። እሳት አያየውም፣ ስለዚህ አይመርም፣ አይጎመዝዝም። ላይ ውሃ ታደርጋለህ፣ መሃል የተፈጨ ቡና፣ ታች ማጠራቀሚያ። ውሃው ቡናው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በደቂቃ አርባ ጠብታ። አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።»

መፍቻው ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። «አምስት ሰዓት ይንጠባጠብ እያልሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«ይኼን ያወጣው ሰው ቤት ጎረቤት ሆኜ አልኖርም» አለና ስልኩን ለሚስቱ አቀበለ። በማግስቱ ግን ጠዋት ተነሥቶ ልጅቷ ጋ መልሶ ደወለ፤ ቡናው የሚቀመጥበት የመስታወት ቱቦና ማጥለያ ወረቀት በፖስታ እንድትልክለት ለመናት።

ዕቃው እስኪደርስ ጓሮ ካለው መሣሪያ ቤቱ ገብቶ ዋለ። ከአሮጌ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሦስት ደረጃ ያለው ማቆሚያ ሠራ። አንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጦ ገለበጠው፤ አፉ ላይ ከተጣለ የውሃ ማጣሪያ የፈታትን፣ አውራ ጣት የምታክል የነሐስ ቧንቧ ገጠመበት። ውሃ እንዳያሾልክ ቴፍሎን የሚባለውን ነጭ ጥቅልል ጠምጥሞ፣ ጠርሙሱን ሞልቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደረቅ ወረቀት ላይ አሳደረው፤ በማይገባው ቦታ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ማንጠባጠቢያ ሲሠራም የማያፈስ አድርጎ ነው የሠራው።

ልጅቷ የላከችው ደርሶ ማንጠባጠቢያው የተተከለ ዕለት ሚስቱ የግድግዳውን ሰዓት አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አቆመችና ጠብታ ቆጠረች። «ስልሳ ስምንት» ትለዋለች፤ እሱ የቧንቧዋን እጀታ በፀጉር ስፋት ይመልሳታል። «ሃምሳ ሦስት።» ደግሞ ይመልሳታል። «ሠላሳ አንድ። አንተ ሰውዬ፣ አበዛኸው።» አርባ ላይ እስኪደርሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። መምህርቷ እንዲያ ስታዝዘው መፍቻው የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ምላሱን በከንፈሩ ዳር አውጥቶ ነበር።

ከዚያ ሥርዓት አበጁለት። ቡናው ለአራት ሰዓት እንዲደርስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መጀመር አለበት። መፍቻው ይነሣል፣ ውሃና በረዶ ይሞላል፣ ቧንቧዋን ይከፍታል፣ አርባ ይቆጥራል፣ ተመልሶ ይተኛል። አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ፊቱን ይታጠብና ወደ ጓሮው ይወጣል፤ ጠብታው እየተሰማው ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይችል መሣሪያ ቤቱ ሬዲዮ ከፍቶ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ሚስቱ ከእሱ ቀድማ ተነሥታ ወጥ ቤት ጋዜጣዋን ታነባለች። ጠብታው ለእሷ ምንም አይላትም፤ ስልሳ ሕፃን የቻለች ሴት ናት።

የመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ላይ በጉጉት ሲገባ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ሁለት ጣት አይሞላም። ላዩ ላይ ያለው ውሃ እንዳለ ነው። ቧንቧዋ ቆማለች።

«ቆሻሻ ይዟት ነው» አለ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ፈታት። ሚስቱ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ብሎኖቹን በስኒ ማስቀመጫ ላይ በተርታ ደረደረችለት። ሲፈታ፣ ሲያጥብ፣ ሲገጥም ሰዓት ተኩል ሄደ። እስከዚያ ድረስ እሷ የጎን ጎረቤታቸው አዲስ ያስገጠመችው በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ ለመወሰን ሁለት አናጢ እንዳባረረች አጫወተችው። እሱም ሥራውን ሳያቋርጥ «እ? እ?» እያለ ጠጋ ይልና ይሰማታል።

ሁለተኛው ቀን እንደገና ቆመች። «ቅዝቃዜው ነው፤ ነሐስ ሲበርደው ይኮማተራል» አለና በረዶውን ቀንሶ ሞከረ። ሦስተኛው ቀን ቆመች። «የለየላት ክፉ ናት» አለና ቧንቧዋን ሰደባት፤ ሚስቱ በዚያ ቀጭን ድምፅዋ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። አራተኛው ቀን ሲፈታት ሁለቱም ምሳ ማብሰል ረሱና ዳቦ በቀዝቃዛ ሻይ በልተው ዋሉ። ልጅቷ ማምሻውን ደውላ «እንዴት ሆነ?» ስትል እናትየው ስልኩን ነጥቃ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለቻት፤ ድምፅዋ ላይ ግን ሐዘን የሚባል ነገር አልነበረም።

መፍቻው ይህን ሁሉ አላስተዋለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ እሱ ቧንቧዋን ብቻ ይዟል። ሳምንት ሙሉ ኮፍያውን እንዳላነሣ፣ ሱቁ እንዳልሄደ፣ አራት ሰዓት በመጣ ቁጥር ከሚስቱ ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ ልብ አላለም። በዓይኑ የሚታየው ያልሞላው ማጠራቀሚያ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ውሃ «ቁም» ሲለው እየቆመ፣ አሁን «ውረድ» ቢለው እንዴት እምቢ ይለዋል? ለሚስቱ አንዲት ስኒ ቡና ማድረስ ያቃተው ባለሙያ ምን ባለሙያ ነው? ይህ አንገበገበው።

አዲስ ቧንቧ ሊገዛ ሱቁ ሄደ። የሱቁ ባለቤት አሮጌዋን በአፉ እፍ ብሎ፣ በብርሃን አሳልፎ አየና መለሰለት።

«ይኼ ምንም አልሆነም።»

«በየቀኑ ይዘጋል እያልኩህ።»

«አንተ ሰው፣ ስንት ዓመት ነው አብረን የሠራነው? ቧንቧ ይደፈናል፣ ያፈሳል፣ ይሰበራል። ራሱን በራሱ የሚዘጋ ቧንቧ አይተህ ታውቃለህ? የሚዘጋው ሰው ነው።»

መፍቻው አዲሷን ገዝቶ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጆሮው ላይ ተንጠለጠለ። በማግስቱ ንጋት ላይ አዲሷን ከፍቶ፣ አርባ ቆጥሮ፣ እጀታዋ ያለችበትን ቦታ በእርሳስ ቀጭን መስመር አሰመረ። አራት ሰዓት ላይ ሲያያት ቆማለች። የእጀታዋ መስመርና የአካሏ መስመር ግን በሩብ ዙር ተለያይተዋል። ሰው አዙሯታል።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው።

«ቧንቧዋን ነክተሻታል?» አላት።

«እኔ? እኔ አልነካሁም» አለች ዓይኗን ከጋዜጣው ሳታነሣ። ከንፈሯ ዳር ላይ ግን አንድ ነገር ነበር፤ ሳቅም አይደለም፣ ሳቅ ያልሆነም አይደለም። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ያን ያውቀዋል።

መፍቻው ልቡ ተሰበረ። ሚስቱ ዋሽታ አታውቅም፤ ዛሬ ዋሸች ብሎ ደመደመ። ለምን ትዘጋዋለች? ምናልባት መጠጣቱን ፈርታው ይሆናል። ምናልባት የሐኪሙ ነገር ገና አልወጣላትም። ምናልባትም ደግሞ ያቺን ሰዓት አትፈልጋትም፤ እሱ በየቀኑ ኮፍያውን አንሥቶ ሲወጣባት አንድ ነገር ቀዝቅዞባት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ሲመጣበት ምግብ አልበላም አለ፤ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ በጊዜ ተኛ።

ግን መፍቻ ነውና ሳያረጋግጥ አይፈርድም። ቱቦ ከቱቦ ሲያያዝ ጥርሱ ላይ የሚቀባ ሰማያዊ ቅባት አለ፤ እጅ ከነካ በሳሙና አይለቅም፣ በነጭ ጋዝም ሁለት ቀን ይፈጃል። በነጋታው ንጋት ላይ ቧንቧዋን ከፍቶ፣ ቆጥሮ፣ ቅባቱን በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክሮ፣ ጣቱን እንዳያስነካ ተጠንቅቆ፣ የእጀታዋን ሥር ሥሩን ቀባ። እንጨቱን ጣለና ተመልሶ ተኛ።

አንድ ሰዓት ላይ ተነሣ። እንደ ሁልጊዜው ፊቱን ታጠበ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣለ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣ። ሬዲዮውን ከፈተ። የሰማው ነገር ግን የለም፤ ሐሳቡ ሁሉ ሚስቱ ጣት ላይ ነው። እስከ አራት ሰዓት መጠበቅ አቃተውና ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ተመልሶ ገባ። ቧንቧዋ ቆማለች።

ሚስቱ ከጠረጴዛው ላይ ናት። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እጅሽን አሳይኝ» አላት።

«እንዴት?»

«እጅሽን። ሁለቱንም።»

መምህርቷ ጋዜጣዋን አጥፋ እጆቿን ገልብጣ ዘረጋችለት፣ ንጽሕና እንደሚመረመርበት ሕፃን። አገላብጦ አያቸው። ንጹሕ ናቸው፤ ጥፍሯ ሥር እንኳ ሰማያዊ ነገር የለም። መፍቻው ግራ ገባው። ቀና ሲል ሚስቱ የምታየው የእሱን ፊት ሳይሆን የእሱን እጅ ነው፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ያንተንስ አታሳየኝም?» አለችው።

ዝቅ ብሎ አየ። የቀኝ አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ እስከ አንጓቸው ሰማያዊ ሆነዋል። የሚስቱም መዳፍ ላይ፣ አሁን ይዞ ሲያገላብጣቸው፣ ሁለት ሰማያዊ አሻራ አሳርፏል።

እንግዲህ እንዲህ ነው ነገሩ። መፍቻው ጠዋት ጠዋት በቤቱ ውስጥ ሲያልፍ ያገኘውን ቧንቧ ሁሉ በእጁ ጫን አድርጎ፣ መጥበቁን አረጋግጦ ነው የሚያልፈው። የመታጠቢያውን፣ የወጥ ቤቱን፣ የጓሮውን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያደረገውን አንድም ቀን አድርጌዋለሁ ብሎ አያስታውሰውም፤ ሰው በሩን መቆለፉን እንደማያስታውሰው ማለት ነው። ጠብታ ሲሰማ እጁ አይጠይቀውም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ በአጠገቧ ሲያልፍ ያቺን የለፋባትን ጠብታ በሁለት ጣቱ ጭጭ ያሰኛታል።

«እኔ ነኝ?» አለ፤ ጥያቄ ይሁን ኑዛዜ ለራሱም አልለየለትም።

«አንተ ነህ።»

«መቼ አየሽኝ?»

«መጀመሪያው ቀን። በማግስቱም። በየቀኑ። ጋዜጣዬን ይዤ እዚሁ ነው የምቀመጠው፤ የት እሄዳለሁ?»

መፍቻው ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን ሰማያዊ ጣት ላይ አልቆም አለው። «ታዲያ አንቺ ሴት፣ ሳምንት ሙሉ ስፈታና ስገጥም እያየሽ ለምን አትነግሪኝም?»

መምህርቷ ሳቋን ዋጠች። ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በመዳፏ ጠረገች።

«ልከፍተው ሁለቴ እጄን ሰድጄ ነበር» አለች። «ከተሳካልህ ትሄዳለህ ብዬ ተውኩት።»

«የት ነው የምሄደው?»

«ሱቁ ነዋ። አምስት ወር ሙሉ አራት ሰዓት ሲሆን ኮፍያህን ስታነሣ አየሁ። ድምፄ ነው አልኩ። ስናገር አይሰማህም፣ 'እ?' ትለኛለህ፣ እደግምልሃለሁ። ይሰለቸዋል አልኩ። ያን ድምፅ ለምዶ የኖረ ሰው አሁን ይኼን ዘይት ያጣ ማጠፊያ ሲሰማ ቢወጣ ምን ይፈረድበታል አልኩ። ይኼ ጠርሙስ ከመጣ ወዲህ ግን መውጣቱን ተውከው። በተዘጋ ቁጥር እዚህ ትቀመጣለህ፣ አወራሃለሁ፣ ትሳደባለህ፣ እስቃለሁ። ታዲያ ምን ቸገረኝና ልንገርህ?»

አምስት ወር ሙሉ ለእሷ ብሎ ያደረገው ነገር እሷ ዘንድ በምን መልክ እንደደረሰ አሁን ገና ገባው። ዓይኑን በፎጣው ጠረግ አደረገ፣ ፊቱ ያልደረቀ ለማስመሰል።

«ቡና ልጠጣ እኮ ነው የምሄደው» አላት። «አንቺ እያየሽኝ እንዴት ብዬ ፉት ልበል? ያንቺ ተከልክሎ የእኔ እንዴት ይወርዳል? ድምፅሽ ምን አደረገኝ? 'እ?' የምልሽ ጠጋ ልበል ብዬ ነው እንጂ።»

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«አምስት ወር? ለዚህ?» መምህርቷ አሁን በእርግጥ ተቆጣች፤ ድምፅዋ ቢቀጥንም ስልሳ ሕፃን ዝም የሚያሰኝ ቁጣ ነበር። «ማን ለመነህ? መጠጣት ነው የተከለከልኩት፤ ማሽተት ማን ከለከለኝ? ቤቴ ቡና ቡና ሳይሸት ሲያድር ሲውል፣ እኔ ደግሞ ሐኪሙ አፍንጫዬንም ቆርጦ አወጣው እንዴ እያልኩ ነበር። አንድ ቃል አትጠይቀኝም?»

«አንቺስ አትጠይቂኝም?»

ሁለቱም እኩል ጥፋተኛ መሆናቸው ሲገባቸው ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።

መፍቻው ተነሥቶ ቧንቧዋን ከፈተ። አርባ ቆጠረችለት። ወደ ጓሮ ሊወጣ ሲል ግን እጅጌውን ያዘችው። «ዛሬ እዚሁ ተቀመጥ። እጅህን አላምነውም» አለችው። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በእጇ ጫነችው፤ በሌላው እጇ ጋዜጣውን ገልጣ ታነብለት ጀመር። የከተማውን ወሬ አነበበችለት፣ የአየሩን ጠባይ አነበበችለት፣ ሊሸጥ የወጣውን መኪና ሁሉ አነበበችለት። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረበት። ጠጋ ባለ ቁጥር ጠብታው ራቀ። መጀመሪያ ላይ ጥርሱን ያመው ነበር፤ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ጠብታ የሚባል ነገር መኖሩንም ረሳው። ጋዜጣው ሲያልቅ እሱ ያወጋት ጀመር፤ በአንድ ወቅት አንድ ትልቅ ሰው ቤት የሚያፈሰውን ቱቦ ሊያገኝ ሦስት ክፍል ወለል አስቆፍሮ በመጨረሻ የሚያፈሰው የሰውዬው የዓሣ ገንዳ ሆኖ እንደተገኘ ነገራት። ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሃያ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ቢሆንም አላቋረጠችውም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ማጠራቀሚያው ሞላ። ጥቁር ነው፤ በብርሃን ሲያዩት ግን ዳር ዳሩ ይቀላል። መፍቻው በብርጭቆ ቀዳላት፣ ሁለት በረዶ ጣለበት፣ ቆሞ ጠበቀ። መምህርቷ ፉት አለች። ያዘችው አፏ ውስጥ። ዋጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን ጉሮሮዋን አላመማትም።

«ጣፋጭ ነው» አለች። «ስኳር ጨምረሃል?»

«ምንም አልጨመርኩም።»

ደግማ ፉት አለች፤ አሁን ሰፋ አድርጋ። «ልክ ነው። ቡና ነው» አለች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯ ላይ እንዳቆየችው ቀረች። መፍቻው በሕይወቱ ስንት ቤት ውሃ አስገብቷል፤ ከዚያ ሁሉ ቀን ይልቅ በዚህ ቀን ባለሙያ መሆኑን ራሱ አመነ።

ለራሱም ትንሽ ቀዳና ቀመሰ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሊጨማደድ ሲል ቶሎ አስተካከለው። «ግሩም ነው» አለ።

«አትዋሽ።»

«እውነቴን ነው። ይቀዘቅዛል እንጂ...»

«አንተ ሰውዬ፣ ተነሥና ያንተን አፍላ።»

«አንቺ እያለሽ?»

«እኔ ስላለሁ ነው እንጂ። ተነሥ ስልህ።»

ተነሥቶ ምድጃውን ለኮሰ። ውሃው እስኪፈላ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ፤ እየፈራ ነበር፣ ልክ የተከለከለ ነገር እንደሚነካ ሕፃን። ቡናው ሲገነፍል ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው፣ ከዚያም በበሩ አልፎ ሳሎን ገባ። ሲዞር ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ምድጃው ቀና አድርጋ አገኛት። አምስት ወር ያላየውን ፊት አየ።

ስኒውን ይዞ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ከእጁ ተቀበለችው፤ አልቀመሰችውም፣ አፍንጫዋ ሥር ይዛ እንፋሎቱን ሳበችው፣ አሁንም ሳበችው፣ ደስ እስኪላት። ከዚያ ስኒውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«በል ጠጣ፣ ሳይበርድብህ» አለችው።

ከፊቷ ተቀምጦ ጠጣ።